አባቴ ያቃጠሉት ልቦለድ

«ከሁሉ አስበልጠሽ የምትወጂው መጽሐፍ የቱ ነው?» ለሚለኝ ሰው ሁሉ ለብዙ ዓመታት አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ። «አባቴ ያቃጠሉት» እላለሁ። ሰው ቀልድ ይመስለውና ይስቃል። እኔ የምሬን ነበር።

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በፈተና ሰሞን ነው። ከክፍል ጓደኛዬ የተዋስኩትን የፍቅር ልቦለድ በጂኦግራፊ መጽሐፌ ውስጥ ደብቄ ስኮመኩም የአባቴን ኮቴ ሰማሁ። የደረስኩበትን ገጽ ጫፉን አጥፌ ልከድነው ስል ደረሱብኝ። አባቴ ዳኛ ነበሩ፤ ቤትም ውስጥ ዳኛ ነበሩ። አልጮሁም፣ እጃቸውንም አላነሡብኝም። መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ሽፋኑን ገረፍ አድርገው አዩና «ይሄ እሳት ነው የሚገባው» ብለው ይዘውት ወጡ። ልቦለዱ ውስጥ ያለችው ልጅ ያን ጊዜ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ቆማ የምትወደውን ሰው እየጠበቀች ነበር። ይምጣ ይቅር ሳላውቅ ቀረሁ። አባቴ ሥራ እስኪሄዱ ጠብቄ ማድ ቤት ገባሁና የምድጃውን አመድ በእንጨት ቆሰቆስኩት፤ ምንም የለም። ወረቀት ሲነድ ምን ይተርፈዋል ብዬ አልቅሼ ተውኩት። ቂሙን ግን አልተውኩትም። ጓደኛዬም መጽሐፏ ስለጠፋባት አንድ ሙሉ ሴሚስተር አኮረፈችኝ፤ ይሄም በአባቴ ላይ ተቆጠረባቸው።

ከዚያ ዘመኑ ተገለባበጠ። ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ማለዳ ለማንም ሳልናገር ወደ ሱዳን ወጣሁ፤ ከሱዳን ቴክሳስ ገባሁ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መኪና የሚያከራይ ድርጅት መስኮት ላይ እሠራ ነበር። የምኖረው እዚያው ጥግ፣ ዩለስ የምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን አስመጣኋቸው። እህት ወንድም የለኝም፤ ከእኔ ሌላ ማንም አልቀረላቸውም።

ከአውሮፕላን ሲወርዱ አንዲት ትንሽ ሻንጣ፣ በኮታቸው የውስጥ ኪስ ደግሞ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ይዘዋል። መጽሐፉ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብዷል። ጠዋት ጠዋት መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው ያነቡታል። የጸሎት መጽሐፍ ነው አልን። ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። የአባት የጸሎት መጽሐፍ ደግሞ ዝም ተብሎ በእጅ አይነካም። በቤተ ክርስቲያን የምናውቃት አንዲት ነርስ ልትጠይቃቸው በመጣች ቁጥር መጽሐፉን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ግንባሯን አስነክታ ትሳለመዋለች። አባቴ ያን ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

በዚህ አገር መኪና የሌለው ሰው እግር የለውም። እኔ ለሺፍት ስወጣ አባቴ አፓርትመንቱ ውስጥ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ከላይ አውሮፕላኑ ይጮኻል፣ ከታች ሙቀቱ ይጠብሳል። በአካባቢው ያለ ሐበሻ በሻንጣው ያመጣውን መጽሐፍ ሁሉ አዋሳቸው። ከጋርላንድ እስከ ፎርት ወርዝ የተገኘውን በጥቂት ወር ውስጥ ጨረሱት። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የስልክ ማውጫውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው የሐበሻ ስም መፈለግ ጀመሩ። ሲያገኙ በእርሳስ ያሰምሩበታል። አንጀቴን በሉት።

በእግራቸው የሚደርሱበት ቦታ ቢኖር ከመንገዱ ማዶ ያለችው ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ናት። አንድ ቀን ላመጣቸው ስሄድ በስፓኒሽና በቬትናምኛ መጻሕፍት መደርደሪያዎች መካከል ቆመው አገኘኋቸው።

«የእነዚህ ሰዎች ቋንቋ አለ» አሉኝ። «የእኛስ የት ነው?»

«የለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ወደ አገሬ መልሽኝ።»

ቀልዳቸውን አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ በገባሁ ቁጥር «ትኬቱን ቆረጥሽ ወይ?» ይሉኝ ጀመር። ማን ዘንድ ነው የምመልሳቸው? ባዶ ቤት? ቆሽቴ አረረ። በአባቴ ሳይሆን በዚያ በሌለው መደርደሪያ። ዓይኔን በጨው አጥቤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። ፀጉሯ የነጣ፣ ቡትስ የምታደርግ፣ ቀጠን ያለች ሴትዮ ናት። «ለምንድን ነው የአማርኛ መጽሐፍ የማይኖረው?» አልኳት፣ የተጣላኋት ያህል። እሷ ረጋ ብላ «አንባቢ እንዳለው ማን ነግሮኝ?» አለችኝ። በመጪው ወር አንድ ቅዳሜ የአካባቢው አንባቢዎች እየተነሡ ከዕድሜያቸው ሁሉ የወደዱትን አንድ መጽሐፍ የሚያወሩበት ዝግጅት አለ፤ መደርደሪያ የሚፈቅደው ቦርድም ይመጣል። «ሰዎችሽን ይዘሽ ነይ። ቦርዱ በጆሮው ከሰማቸው ለመደርደሪያው እኔ እከራከርልሻለሁ» አለች። ኦኬ አልኩ። ማለቴ፣ ሐበሻ ስለ መጽሐፍ አውራ ተብሎ መቼ እንቢ ብሎ ያውቃል?

ከዝግጅቱ በፊት ባለው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ለልምምድ ጋርላንድ አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰበሰብን። ሁሉም የሚወደውን መጽሐፍ ይዞ መጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ሲደረደሩ የአንዱም አርእስት አይታይም። ግማሹ በጋዜጣ፣ ግማሹ በቡናማ የግሮሰሪ ከረጢት ተለብዷል። እኛ መጽሐፍ ስናገኝ መጀመሪያ የምናደርገው መለበድ ነው። ከትምህርት ቤት የመጣ ልማድ ነው፤ ኋላ ክፉ ጊዜ ሲመጣም ሰው ምን እንደሚያነብ ጎረቤት እንዳያይበት ጠቀመን። ቴክሳስ ማን እንዳያየን ነው? እንጃ፤ ብቻ ለበድን።

ያን ቀን የተወራውን ብታዩ። ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው አባት እንዴት እንደሞተ ሲተርክ ድምፁ ተቆረጠና ፊቱን ሊታጠብ ተነሥቶ ሄደ። ነርሷና የቤቱ ባለቤት ደግሞ አንዲት የልቦለድ ሚስት ባሏን ይቅር ማለት ነበረባት፣ አልነበረባትም በሚል ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸው።

«ሶ አንተ ብትሆን ዝም ትላለህ?» ትለዋለች።

«እኔ ብሆን ቀድሞውኑ እሷን አላገባም» ይላታል።

«እሷስ አንተን መቼ ታይሃለች።»

ወጡ ቀዘቀዘ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ተራዬ ሲደርስ አባቴ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጠው «የእኔ አባቴ ያቃጠሉት ነው» አልኩና ታሪኩን የምድጃው አመድ ሳይቀረኝ ዘረገፍኩት። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «አባባ፣ ይህን ያህል ጨካኝ ነዎት እንዴ?» አላቸው ባለታክሲው። አባቴ ኮታቸውን ደረታቸው ላይ ሰብሰብ አድርገው «ዝም አይነቅዝም» አሉ። የተረታ ዳኛ ሌላ ምን ይላል ብዬ ደስ አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ቦርዱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። መጀመሪያ አንድ የካውቦይ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተነሥተው በልጅነታቸው ስላነበቡት የአንድ ፈረስ ታሪክ አወሩ። ፈረሱ የሞተበት ጋ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ እንባቸው መጣ፤ አላፈሩበትም። ሰው አጨበጨበላቸው። እኔም በልቤ፣ ቆዩ ብቻ፣ የእኛን ስትሰሙ ጉድ ትላላችሁ አልኩ።

የእኛ ተራ መጣ። ባለታክሲው ተነሣ። እሑድ ዕለት ፊቱን ሊታጠብ የሄደው ሰው፣ ቡናማ ወረቀት የለበሰውን መጽሐፍ ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ በእንግሊዝኛ «በጣም አስተማሪ መጽሐፍ ነው፤ አመሰግናለሁ» ብሎ ተቀመጠ። ነርሷ ተነሣች። «የእኔም አስተማሪ ነው» አለች። የቤቱ ባለቤት «ለወጣቶች ጥሩ ምክር ይሰጣል» አለ። የቀሩትም እንደዚያው፤ አስተማሪ፣ አስተማሪ፣ አስተማሪ። ይሉኝታ ምላሳቸውን አስሮታል። ሰው ፊት የወደዱትን ነገር መናገር፣ ያውም አስለቅሶኛል ማለት፣ ለእኛ አደባባይ ላይ ልብስ እንደማውለቅ ነው። ፈረንጆቹ ስም የሌላቸውን ቡናማ መጻሕፍት እያዩ እርስ በርስ ይተያያሉ። ከቦርዱ አንዷ፣ የዕንቁ ሐብል ያደረገችው ሴትዮ፣ ሰዓቷን አየች። ኃላፊዋም ቡትሷን ታያለች። መደርደሪያው ከእጄ ሲወጣ፣ አባቴ ያቺን ትንሽ ሻንጣ ሲዘጉ ታየኝ።

ደሜ ፈላ። ተነሥቼ፣ እነዚህ ሰዎች ውሸታሞች ናቸው፣ እሑድ ዕለት ብታዩአቸው፣ ልል አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ያዙኝ። ቁጭ በይ ሊሉኝ መስሎኝ ነበር። «ነይ አስተርጉሚልኝ» አሉና ወደ ፊት ሄዱ። ማይክራፎኑ ዘንድ ሲደርሱ መጽሐፉን ከውስጥ ኪሳቸው አወጡ። ነርሷ ከኋላ ስታማትብ አየኋት። አለቀልን፣ ጸሎት ሊያደርሱ ነው አልኩ።

«እኔ ዳኛ ነበርኩ» ብለው ጀመሩ፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ መለስኩ። «አንድ ቀን ከልጄ እጅ አንድ ልቦለድ ቀማሁ።»

«ከልጃቸው እጅ አንድ ልቦለድ ቀሙ» አልኩ።

«አቃጥለዋለሁ አልኳት። ነገር ግን ተከሳሽን ሳይሰሙ መፍረድ ነውር ነው። ቢሮ ወሰድኩት። አንድ ገጽ ልየው ብዬ ከፈትኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት አርፍጄ ገባሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

«ለምን አልመለስክላትም ትሉኝ ይሆናል። እሳት ነው የሚገባው ያለ ሰው በነጋታው ‹እንቺ፣ አንብቢ› ለማለት አፈረ። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። ልጄ አደገች። አንድ ማለዳ ስንነሣ አልጋዋ ባዶ ነው። በየት እንደሄደች፣ ትኑር ትሙት የሚነግረን ጠፋ። ያን ጊዜ መጽሐፉን አወጣሁት። ውስጡ አንዲት ልጅ ባቡር ጣቢያ ቆማ ሰው ትጠብቃለች። ዘመድ ሁሉ እርምህን አውጣ ሲለኝ እሷ ግን ቆማ ትጠብቅ ነበር። አብሬአት ጠበቅኩ። ልጄ ደህና ነኝ ብላ እስክትጽፍልን ድረስ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም።»

ይህን ሁሉ «ልጃቸው፣ ልጃቸው» እያልኩ ተረጎምኩ። እንዴት እንደተረጎምኩት እኔና እግዜር እናውቃለን። ከዚያ አባቴ የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት ከመጽሐፉ ላይ ቀስ ብለው ላጡት። ባቡሩ፤ ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው ልጅ። ሽፋኑን ከአዳራሹ ጫፍ ሆኜ ባየውም ለይቼ አውቀው ነበር። ከኋላ የእኛ ሰዎች አንድ ላይ «ውይ» ሲሉ ሰማኋቸው። ነርሷ አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ስትሳለመው የከረመችው የፍቅር ልቦለድ ነው።

«ከሁሉ የምወደው መጽሐፍ ይሄ ነው» አሉ አባቴ። «የምወደውም ስለ መጨረሻው ነው። በመጨረሻው ያ ሰውዬ…»

«አባባ፣ ያቁሙ!» አልኩ።

መተርጎሙን ረስቼ በአማርኛ ነው የጮህኩት። አባቴ ደነገጡ። ፈረንጆቹ ሽማግሌው ምን ክፉ ነገር ተናገሩ ብለው እኔን ያያሉ። ማስረዳት ነበረብኝ።

«ልጃቸው እኔ ነኝ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «መጽሐፉን የቀሙኝ ሳልጨርሰው ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ ያ ሰው ይምጣ ይቅር አላውቅም። ዛሬ እዚህ ፊታችሁ ሊነግሩኝ ነው። እኔ ደግሞ ራሴ ነው የማነበው።»

መጀመሪያ የሳቁት ባለኮፍያው ሽማግሌ ናቸው። «በርቺ ልጄ፣ እንዳትፈቅጂላቸው» ብለው ተነሥተው አጨበጨቡ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እያለቀስኩ እስቃለሁ፤ አባቴ ደግሞ ፍርድ ሰጥተው እንደጨረሱ ሰው ቀጥ ብለው ቆመዋል። የዕንቁ ሐብሏ ሴትዮ ሰዓቷን ረስታ ወደ ፊት መጣችና «ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ይንገሩኝ፤ ሰውዬው መጣ?» አለቻቸው። አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው «መደርደሪያውን ይክፈቱና አማርኛ ተምረው ያንብቡት በያት» አሉኝ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ከልቧ ሳቀች።

ከዚያማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የእኛ ሰዎች ምላስ ተፈታ። ባለታክሲው እንደገና ተራ ያዘ፤ ቡናማውን ወረቀት ቦጭቆ ጣለና ስለዚያ አባት አሟሟት እሑድ እንዳወራው አወራ፤ ድምፁም እዚያው ቦታ ላይ ተቆረጠ፤ አሁን ግን የትም አልሄደም። ነርሷና የቤቱ ባለቤት ስለዚያች ሚስት ፈረንጆቹ ፊት እንደ አዲስ ተጣሉ፤ አዳራሹም ለሁለት ተከፍሎ ይፈርድ ጀመር። ኃላፊዋ ልትዘጋ ቁልፏን እስክታንቃጭል ድረስ የወጣ ሰው የለም። ወለሉ በተቦጫጨቀ ጋዜጣና በከረጢት ተሞልቷል።

መኪና ፓርክ ወዳደረግንበት ስንሄድ ነርሷ አባቴን ያዘቻቸው። «አባባ፣ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስሳለመው ዝም ይሉኛል?»

«ስለ ፍቅር የተጻፈ ነው፤ ኃጢአት አይሆንብሽም» አሏት።

እኔም መኪና ውስጥ አልለቀቅኋቸውም። «የምድጃ አመድ ስቆሰቁስ እንደዋልኩ ያውቃሉ?» አልኳቸው። «እናትሽ ነግራኛለች» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ያን ቀን ነበር መመለስ የነበረብኝ» አሉ። አባቴ በፈረዱት ነገር ሲጸጸቱ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሃያ ዓመት ክርክር ረታሁ። እንዲህ ዓይነት ድል ሲያገኙ መፎከር ነበር፤ እኔ ግን መሪውን ይዤ ወደ ቤት ነዳሁ።

መደርደሪያው ብዙም ሳይቆይ ተፈቀደ፤ በስፓኒሹና በቬትናምኛው መካከል። አባቴ ያን ቀን ክራቫት አድርገው ሄዱና ባዶውን እንጨት በመዳፋቸው ዳሰሱት። ኃላፊዋ የሰጠናትን መጻሕፍት በሚያሳይ ፕላስቲክ ስትለብድ አይተው «እነሱም ይለብዳሉ ለካ» አሉ። ትኬት የሚለው ነገር ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አልወጣም። የራሳቸውን መጽሐፍ ግን ለመደርደሪያው አልሰጡም፤ ለእኔ ሰጡኝ። «ጨርሺውና አንቺው አስቀምጪው» አሉኝ።

በነጋታው በምሳ እረፍቴ፣ ሠራተኛ መኪና የሚያቆምበት ቦታ ላይ፣ ኤሲውን ከፍቼ ገለጥኩት። አባቴ ገጽ የሚያጥፍ ሰው ጠላታቸው ነው፤ ልጅ ሳለሁ ለአንዲት የታጠፈች ጫፍ ሙሉ ስብከት ሰምቻለሁ። ገጾቹ ሁሉ ቀጥ ያሉ ናቸው። አንዱ ብቻ፣ ልጅቷ ጣቢያ የቆመችበት፣ ጫፉ ታጥፏል። ኮቴያቸውን ሰምቼ በችኮላ ያጠፍኩት እኔው ነኝ። ያን ሁሉ ዓመት ደጋግመው ሲያነቡት አልዘረጉትም፤ የደረስኩበትን አስቀምጠውልኛል። ከዚያ ገጽ ቀጠልኩ። ከእረፍቴ አርፍጄ ገባሁ፤ ተቆጡኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት።»

«ታዲያስ?»

«እሳት ነው የሚገባው» አልኳቸው።

ትን እስኪላቸው ሳቁ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና «ያንን የታጠፈውን ገጽ ዘረጋሽው?» አሉኝ።

«አልዘረጋሁትም» አልኳቸው። በማግስቱ እንደታጠፈ ወስጄ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የእኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።